ዚፑ የኛ አይደለም

ፎቶውን የላከችልን የቆየች ደንበኛችን ነች። የምትኖረው ጀርመን ነው። «አዲሱ ቦርሳችሁ አሪፍ ነው፤ ግን ዚፑ በሁለተኛው ቀን እጄ ላይ ቀረ። ትቀይሩልኛላችሁ?» ይላል መልእክቷ።

አዲስ ቦርሳ አላወጣንም።

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ስማችን አለ። ፊደሉ ያው ነው። ከስሙ በላይ ያለችው ትንሽ ቅስትም አለች። ዚፑ ግን የኛ አይደለም። የኛ ዚፕ መጎተቻው ጫፍ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ቀጭን የቆዳ ክር እናስርበታለን። የፎቶው መጎተቻ ድፍን ብረት ነው።

የገዛችበትን ድረ ገጽ ላከችልኝ። ጀርመን ውስጥ የሚነግድ ድረ ገጽ የባለቤቱን ስምና አድራሻ የመጻፍ ግዴታ አለበት። «ኢምፕረሱም» ይሉታል። ወደ ታች ወርጄ ተጫንኩት። የማላውቀው ሰው ስም ቢወጣ ይሻለኝ ነበር። የወጣው ግን ለሦስት ዓመት ቦርሳችንን ሲያከፋፍል የነበረ ድርጅት ስም ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሰላም ነው የተለያየነው። ወይም ለኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ያን ሌሊት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ። «ሌብነት» የሚለው ቃል አራት ቦታ አለበት። ያልላክሁት አስተዋይ ስለሆንኩ አይደለም፤ እንቅልፍ ስለጣለኝ ነው። ጠዋት ለሸሪኬ አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ ስልኩን መለሰልኝና «ጽሑፉ ጥሩ ነው። ማንም እንዳያየው» አለኝ።

ጠበቃ ፈለግን። በሰው በሰው ያገኘናቸው በእድሜ ገፋ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ቢሯቸው እዚያው ጀርመን ነው፤ በቪዲዮ ተገናኘን። እኔ ዚፑን፣ ፎቶውን፣ ክህደቱን ልዘረዝር ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ ሌላ ነው።

«የንግድ ምልክቱ በማን ስም ነው የተመዘገበው?»

«በኛ።»

«እናንተ ማን ናችሁ?»

ጥያቄው ስድብ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ከዚያ በኋላ የሰራነው ስራ ሁሉ ይህን ጥያቄ መመለስ ብቻ ነበር። ስሙ የኔ መሆኑን እኔ አውቃለሁ። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ቅስቷንም የሳልኳት እኔ ነኝ። የሰው አገር ዳኛ ግን እኔን አያውቀኝም። የሚያውቀው የፊቱን ወረቀት ነው።

የንግድ ምልክት ድንበር አይሻገርም። እ.ኤ.አ. በ1883 የተፈረመው የፓሪስ ስምምነት ራሱ የሚለው ይህንኑ ነው፤ በአንድ አገር የተመዘገበ ምልክት በሌላ አገር ከተመዘገበው የተለየና ራሱን የቻለ ነው። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ስምምነቱ የሚሰጥህ አንድ ጥሩ ነገር ስድስት ወር ነው። በአንድ አገር ካመለከትክ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ሌላ አባል አገር ብታመለክት በመጀመሪያው ቀን እንዳመለከትክ ይቆጠርልሃል። የማድሪድ ፕሮቶኮል በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በኩል ደግሞ በአንድ ማመልከቻ ብዙ አገር መጠየቅ ይቻላል። ካላስመዘገብክ ግን በብዙ አገር ቀድሞ ያስመዘገበ ይቀድምሃል፤ ስሙን አያትህ ያወጡት ቢሆንም።

እኛ አስመዝግበናል። ይህ ውለታ የሂሳብ ሰራተኛችን ነው። ወረቀት የማትጥል፣ በየወሩ የምትነተርከን ሴት ናት። ከስድስት ዓመት በፊት ወደ አውሮፓ መሸጥ ስንጀምር «መጀመሪያ ስሙን አስመዝግቡ» ብላ ጠመደችን። አሊካንቴ፣ ስፔን ውስጥ ባለው የአውሮፓ ህብረት የአእምሯዊ ንብረት ቢሮ አስመዘገብን። አንድ ምዝገባ ለ27ቱም አገሮች ያገለግላል። ቦርሳ መደብ 18 ውስጥ ነው፤ ዓለም አቀፉ ምደባ እቃና አገልግሎትን በ45 መደብ ይከፍላል።

ታዲያ በኩራት መዝገቡን ከፈትኩ። ቲኤምቪው የሚባል ነጻ መፈለጊያ አለ፤ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። ስማችን ወጣ። ባለቤት በሚለው ሳጥን ውስጥ ያለው ግን የድርጅታችን ስም አይደለም። የኔ ከነአባቴ ነው።

ያኔ ድርጅቱ ገና አልተቋቋመም ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ነው ያቋቋምነው። «በኋላ እናዛውረዋለን» ተባብለን ነበር። አላዛወርነውም። ቦርሳውን የሚሸጠው፣ ደረሰኙን የሚቆርጠው፣ ከአከፋፋዩ ጋር የተፈራረመው ድርጅቱ ነው። ምልክቱ ያለው ግን እኔ ጋ ነው። በመሃላቸው አንድም ወረቀት የለም።

ይህ ተራ ነገር የሚመስለው ሰው የአይፓድን ታሪክ ይስማ። አፕል በ2009 በአንድ እንግሊዝ አገር ባስቋቋመው ኩባንያ በኩል «አይፓድ» የሚለውን ስም ፕሮቪው ከተባለ የኮምፒውተር ስክሪን አምራች በ35,000 ፓውንድ ገዛ። የሸጠለት ግን የታይዋኑ ፕሮቪው ነው። የዋናው ቻይና ምዝገባ ያለው በሼንዘኑ ፕሮቪው ስም ነበር። እቃው ገበያ ከገባ በኋላ ሼንዘኖቹ «እኛ ምንም አልሸጥንም» አሉ። አፕል በ2012 ነገሩን ለመዝጋት 60 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ያን ሁሉ ጠበቃ ያሰለፈ ድርጅት በባለቤት ስም ከተሳሳተ እኔ ማን ነኝ ብዬ ተጽናናሁ። መጽናኛው ብዙ አልቆየም።

የማዛወሪያ ውል ተዘጋጀ። በአውሮፓ ህብረት ህግ ዝውውሩ በጽሑፍ ሆኖ መፈረም አለበት፤ መዝገብ ላይ እስኪሰፍር ድረስም አዲሱ ባለቤት በመብቱ መከራከር አይችልም። እኔ በሰጪ በኩል ፈረምኩ። ሸሪኬ በድርጅቱ ስም ተቀበለኝ። እጄን ጨብጦ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ስምህን በነጻ ሰጠህ» አለኝ።

ጠበቃዋ ግን ቀጠሉ። «ምልክቱ ከተመዘገበ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ተጠቅማችሁበታል?»

እንዴ! ተጠቅመንበታል እንጂ!

«አሳዩኝ።»

የአውሮፓ ህግ የተመዘገበ ምልክትን አምስት ዓመት ዝም ይለዋል። ከዚያ በኋላ ግን የከሰስከው ሰው ዞር ብሎ «በእውነት ስትጠቀምበት እንደነበር አረጋግጥ» ሊልህ ይችላል። ማረጋገጥ ካቃተህ ምልክቱ ራሱ ሊሰረዝ ይችላል። ልትከስ ሄደህ ስምህን አጥተህ ትመለሳለህ። ማክዶናልድስ ቢግ ማክ በሚለው ስም የገጠመው ይኸው ነው። ሱፐርማክስ የተባለ የአየርላንድ ድርጅት ይሰረዝ ብሎ ጠየቀ። ማክዶናልድስ የራሱን ሰራተኞች የጽሑፍ ቃል፣ የድረ ገጽ ህትመቶችና የዊኪፒዲያ ጽሑፍ አቀረበ። ቢሮው በ2019 «በቂ አይደለም» ብሎ ሰረዘው። በይግባኝ ተጨማሪ ማስረጃ አምጥቶ ከፊሉን ቢያስመልስም በ2024 የህብረቱ ፍርድ ቤት ለዶሮ ሳንድዊች መጠቀሙ አልተረጋገጠም አለ። ቢግ ማክን የማያውቅ ዳኛ ነበር ብዬ አላምንም። ማወቅና በፋይል ማግኘት ግን ይለያያል።

የሚፈለገው ማስረጃ አራት ነገር ማሳየት አለበት፤ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል፣ እንዴት። የሂሳብ ሰራተኛችን ሰባት ሳጥን አወጣች። ኢንቮይሶቹን ወለል ላይ ዘረጋናቸው። ሁሉም አሉ። ቀን አላቸው፣ የጀርመን አድራሻ አላቸው፣ ብዛት አላቸው። ስማችን ግን የለም። «ቢ-14፣ ቡናማ፣ 40 ፍሬ» ይላል። ስድስት ዓመት ሙሉ የእቃ ኮድ ብቻ ነው የጻፍነው። ቢ-14 የትኛው ቦርሳ እንደሆነ፣ ቦርሳው ላይ ምን እንደተጻፈ የሚያውቀው የኛ ቤት ብቻ ነው።

ሦስት ቀን ፈጀብን። የየዓመቱን ካታሎግ ፈልገን ኮዱን ከፎቶው፣ ፎቶውን ከስሙ ጋር አገናኘን። ሁለቱ ካታሎጎች ላይ ቀን አልነበረም። የማተሚያ ቤቱን ደረሰኝ አያይዘን አለፍን። አሁን ኢንቮይሳችን ላይ «ቢ-14» ከሚለው በፊት ስሙ ይጻፋል። ይህን የሚያነብ ነጋዴ ካለ ዛሬውኑ የራሱን ኢንቮይስ ይመልከት።

ቀጥሎ ጠበቃዋ ከአከፋፋዩ ጋር የተጻጻፍነውን በሙሉ ጠየቁ። «የማይመቸውንም» አሉ።

የማይመች ነገር ያለ አልመሰለኝም። ቮትስአፕን ወደ ኋላ እየጎተትኩ ሁለት ዓመት ሄድኩ። ውላችንን ያፈረስንበት ሳምንት ላይ ደረስኩ። አርብ ማታ በራሴ እጅ የጻፍኩት መልእክት አለ። «ችግር የለም። የቀረውን ሸጣችሁ ጨርሱ። ስሙንም እስከዚያ ተጠቀሙበት። ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።» መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የቆመ አውራ ጣት።

ላቤ መጣ።

«እስከዚያ» ማለት እስከ መቼ ነው? ቀን የለውም። ሌላ ጊዜም አልተነጋገርንም። ስልኩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። መልእክትን መሰረዝ ይቻላል። አላሰብኩትም ብል ዋሸሁ። ግን መልእክቱ ያለው በሁለት ሰው ስልክ ላይ ነው። ደግሞም ከሳሽ ሆኖ ማስረጃ የሚያጠፋ ሰው ምን ሊባል ነው? ስክሪንሾት አንስቼ፣ ሳላስተካክል፣ ሳላብራራ ላክሁላቸው።

ጠበቃዋ አነበቡት። ተቆጥተው ይሆናል ብዬ ፊታቸውን አየሁ። «ከእርስዎ መስማቴ ደስ ብሎኛል» አሉ። «ከነሱ ጠበቃ ብሰማው ደስ አይለኝም ነበር።» ከዚያ አንዲት ቃል ላይ ቆሙ። «የቀረውን» ትላለች። ፈቃዱ ለቀረው እቃ ነው። አዲስ አምርቶ ስማችንን ለመለጠፍ ፈቃድ የሚሰጥ ቃል የለም። ጉዳዩ ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ጠበበ። ደንበኛችን የገዛችው ቦርሳ የቀረ ነው ወይስ አዲስ?

ይህ ጥያቄ ከመልእክቱም በላይ ከባድ ነው። አምራቹ ራሱ አውሮፓ ውስጥ የሸጠውን እቃ ገዢው መልሶ ቢሸጠው በንግድ ምልክት መብት መከልከል በመርህ ደረጃ አይቻልም። መብትህ በመጀመሪያው ሽያጭ አልቋል ይባላል። ቦርሳዎቹ ከኛ የተገዙ ከሆኑ፣ ምናልባት ዚፑን ብቻ ቀይረውት ከሆነ፣ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ያን ሌሊት «ሌብነት» ብዬ ስጽፍ ይህን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ቦርሳ ገዛን። በራሳችን አይደለም። ጠበቃዋ ከኛ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው ሁለት ቦርሳ እንዲያዝ አደረጉ። የትእዛዙ ማረጋገጫ፣ ክፍያው፣ የፖስታው ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ወረቀት፣ አንድም አልተጣለም። አንዱ ሳጥን በካሜራ ፊት ተከፈተ። ሁለተኛው እንደታሸገ ቀረ። አንዱ «ነካክታችሁታል» ቢባል ሌላው አለ።

ሲከፍቱት በቪዲዮ እያየሁ ነበር። ስፌቱ ሰፋ ሰፋ ያለ ነው። የቆዳው ጠርዝ ቀለም አልተቀባም። እነዚህ ግን ለኔ ለባለሙያው የሚታዩ ናቸው፤ ዳኛ ፊት «ስፌቱ አላማረኝም» አይባልም። «ገበሩን ገልብጡልኝ» አልኩ። ገለበጡት።

ገበሩ ጥቁር ቀይ ነበር።

ከወንበሬ ተነሳሁ። የኛ ገበር ለዓመታት ግራጫ ነበር። ወደ ጥቁር ቀይ የቀየርነው ካለፈው ዓመት ወዲህ ነው። ለዚህ አከፋፋይ የመጨረሻውን እቃ የላክነው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። እሱ ጋ የቀረ ቦርሳ ካለ ገበሩ ግራጫ መሆን አለበት። አሁን የምንሸጠውን ቦርሳ አይቶ፣ እስከ ገበሩ ድረስ ቀድቶ ነው ያሰራው። ጥንቃቄው ራሱ አጋለጠው።

ማስረጃው? የሂሳብ ሰራተኛችን ጥያቄዬን አላስጨረሰችኝም። የቀዩን ጨርቅ የመጀመሪያ ግዢ ደረሰኝ ከሳጥን ቁጥር ስድስት አወጣች። ያን ቀን ደመወዟ ላይ እንነጋገራለን ያልኳት እኔ ነኝ፤ እሷም አልረሳችም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዓት እየቆጠረ ነበር። ጀርመን ውስጥ ዋናው ክስ እስኪወሰን ሽያጩን የሚያስቆም አስቸኳይ የእግድ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል። ግን አስቸኳይ ነው ያልክ ሰው መቸኮልህ መታየት አለበት። ሙኒክ ያሉ ፍርድ ቤቶች ልማዳቸው ጥብቅ ነው፤ ጥሰቱን ካወቅህ አንድ ወር ካለፈህ በሩ ይዘጋል። ዋናውን ክስ አሁንም ማቅረብ ትችላለህ፤ እሱ ግን ረጅም መንገድ ነው። የኛ አንድ ወር የጀመረው ደንበኛችን ፎቶውን በላከችበት ደቂቃ ነው። ስለዚህ የመልእክቷ ሰዓት ራሱ ማስረጃ ሆነ። ለሦስት ቀን ኢንቮይስ ስንዘረጋ ለምን ጠበቃዋ በየማታው ይደውሉ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ልለፈው፤ ትዝ ሲለኝ ያመኛል። እዚያ የጠበቃና የፍርድ ቤት ክፍያ ከክርክሩ ግምት ጋር የተያያዘ ነው። የተሸነፈ የአሸናፊውንም ይሸፍናል። ከሳሹ ከአውሮፓ ህብረት ውጭ የሚኖር ከሆነ ተከሳሹ ለወጪው ዋስትና ይያዝልኝ ሊል ይችላል። ዋናው ክስ ላይ ከደረስን የምናስይዘው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ከሸሪኬ ጋር አንድ ማታ ሙሉ ተጨቃጨቅን። ሰነዱ ሁሉ ደግሞ ወደ ጀርመንኛ መተርጎም አለበት። የቮትስአፕ መልእክቴንም ተርጓሚ ተረጎመው። አውራ ጣቱ በምን እንደተተረጎመ አልጠየቅኩም።

ለጉምሩክም አመለከትን። በአውሮፓ ህብረት ማመልከቻው በነጻ ነው፤ ለአንድ ዓመት ያገለግላል። ስማችን ያለበት አጠራጣሪ ጭነት ሲደርስ ይይዙትና ያሳውቁሃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለመልስ 10 የስራ ቀን አለህ። የዚፑን መጎተቻ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አድርገን አያያዝን።

በሦስተኛው ሳምንት ጠበቃዋ «ምን ይፈልጋሉ?» አሉኝ። «ይቅርታ እንዲጠይቁኝ» አልኩ ሳላስበው። ፈገግ አሉ። ዝርዝራቸው ውስጥ ያ የለም። ሽያጩ ይቁም። የቀረው አስመሳይ እቃ ይጥፋ። ቦርሳውን ማን እንደሰራው፣ ስንት እንደተሸጠ ይናገሩ። ካሳ ይከፈል። ካሳውን በሦስት መንገድ ማስላት ይቻላል፤ እኛ ባጣነው፣ እነሱ ባተረፉት፣ ወይም ፈቃድ ገዝተው ቢሆን ይከፍሉ በነበረው። እኛ ሦስተኛውን መረጥን፤ የራሳችንን መዝገብ ለተቀናቃኝ መዘርዘር ስለማይጠይቅ።

ከክስ በፊት ማስጠንቀቂያ ይላካል። እዚያ ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ሳታስጠነቅቅ ከሰህ ተከሳሹ ወዲያው «እሺ፣ አጥፍቻለሁ» ካለ ወጪው አንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ደብዳቤው ቀጠሮ አለው፤ ከሱ ጋር «ከእንግዲህ ብደግመው መቀጫ እከፍላለሁ» የሚል የሚፈረም ወረቀት ይላካል። የኔን የሌሊት ደብዳቤ ብልከው ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ነገሩኝ። ዝግጁ ሳትሆኑ ይነቁ ነበር። እቃውን ያሸሹ ነበር። «እግድ እንዳይሰጥብን» የሚል መከላከያ ጽሑፍ ቀድመው ለፍርድ ቤቶች ያስገቡ ነበር፤ ለዚህ የተዘጋጀ መዝገብ አለ። ቦርሳው እውነተኛ የኛው እቃ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ያለአግባብ ስላስፈራራችሁ እናንተው ካሳ ትጠየቁ ነበር። እንግሊዝ አገርማ ለዚህ ራሱን የቻለ ህግ አላቸው፤ በ2017 አሻሽለውታል።

የሄደው ደብዳቤ አንድ ገጽ ተኩል ነው። «ሌብነት» የለበትም። የምዝገባ ቁጥር፣ የግዢ ቀን፣ የገበሩ ቀለም። ከሁለት ዓመት በፊት በተላከው መልእክት የተሰጠ ማንኛውም ፈቃድ ከዛሬ ጀምሮ ተነስቷል የሚል አንድ አረፍተ ነገር። ሰባት ቀን ሰጠናቸው። ሳነበው ቀዝቃዛ መሰለኝ። ሸሪኬ ግን «አሁን ፈራሁ፤ እኔ ብሆን እፈርማለሁ» አለ።

በስድስተኛው ቀን ከጠበቃቸው መልስ መጣ። ጨዋ መልስ ነው። አልካዱም፣ አላመኑም። ትንሽ ጊዜ እንዲጨመርላቸው ጠየቁ። ጠበቃችን ቀኑን ቆጥረው «ሦስት ቀን፤ ከዚያ በላይ የለንም» አሉ። የደብዳቤው የመጀመሪያ አንቀጽ ግን ቃል በቃል የማውቀው ጥያቄ ነበር። ደንበኛዎ የምልክቱ ባለቤት መሆናቸውን ያረጋግጡልን፤ እኛ ስናይ የተመዘገበው በአንድ ግለሰብ ስም ነበር ይላል።

ነበር። አዲሱን የመዝገብ ገጽ አያይዘን በ20 ደቂቃ ውስጥ መለስን። ሁለተኛው ሳጥን ጠበቃዋ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ነው። እስካሁን አልተከፈተም።